ፎቶው ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ማን ያገኘዋል?

እስቲ አንድ ሙከራ አብረን እንሥራ። ስልካችሁን አውጡና የቆዩ ፎቶዎችን በኢንተርኔት ከሚያሳዩት የውጭ ሙዚየሞች የአንዱን ድረ ገጽ ክፈቱ። መፈለጊያው ላይ በአማርኛ «አለማየሁ ቴዎድሮስ» ብላችሁ ጻፉ። የአፄ ቴዎድሮስን ልጅ፣ በልጅነቱ ወደ እንግሊዝ ሀገር የተወሰደውን ልዑል ማለቴ ነው።

እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሞክረው «ምንም ውጤት የለም» አለኝ። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ዛሬ ፓስፖርት ላይ እንደምንጽፈው አድርጌ ደገምኩት። አሁንም የለም። ፎቶው ግን እዚያው ድረ ገጽ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ሌላ ቀን ሌላ ነገር ስፈልግ ድንገት አገኘሁት፤ ርዕሱ «የንጉሥ ቴዎዶር ልጅ» ይላል።

የተማርኩት ምህንድስና ነው። ከዚያ ቀን በፊት «የቆየ ፎቶን ዲጂታል ማድረግ» ሲባል ወደ ሐሳቤ የሚመጣው ጥሩ ስካነር፣ ትልቅ ሰርቨርና ፈጣን ኢንተርኔት ነበር። ሦስቱ ከተሟሉ ሥራው አለቀ ብዬ አምን ነበር። ለካ ገና ግማሹ ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ቀሪው ግማሽ ነው፤ ያንን ደግሞ ሊጨርሱት ከሚችሉት ሰዎች መካከል እናንተና አያቶቻችሁ አላችሁበት።

የሰባት ዓመቱ ልጅ

ከፎቶው እንጀምር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 1868) በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሰብሮ ገባ። አፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሰዉ። ልጃቸው አለማየሁ ያኔ ሰባት ዓመት ገደማው ነበር። ጦሩ ሲመለስ ልጁንና እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤን ይዞ ወጣ። እናቱም መንገድ ላይ አረፉ። ልጁ አማርኛ የሚናገር ትሪስትራም ስፒዲ የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን ሞግዚት ሆኖት ባሕር ተሻገረ።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ገደማ አይል ኦፍ ዋይት በምትባለው የእንግሊዝ ደሴት ላይ፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ፎቶ አንሺ ልጁን ካሜራዋ ፊት አስቀመጠችው። ካሜሮን የመጀመሪያ ካሜራዋን ያገኘችው በ48 ዓመቷ ነው፤ ዛሬ ግን በፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ ከታላላቆቹ ተርታ ትቆጠራለች።

በዚያ ዘመን ፎቶ ማንሳት እንደ ዛሬው ጠቅ አድርጎ መሄድ አልነበረም። ኮሎዲዮን የሚባል የሚያጣብቅ ፈሳሽ መስታወት ላይ ይፈሳል። መስታወቱ ብር ናይትሬት ውስጥ ይነከርና እርጥብ እንዳለ ካሜራው ውስጥ ይገባል። ከተነሳ በኋላም ሳይደርቅ ወደ ጨለማ ክፍል ሮጦ መታጠብ አለበት፤ ከደረቀ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው። ካሜሮን ፊት የሚቀመጥ ሰው ደግሞ ለደቂቃዎች ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነበረበት። አስቡት፦ አባቱንና እናቱን በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ያጣ ልጅ፣ በማያውቀው ሀገር፣ «እንዳትነቃነቅ» ተብሎ ተቀምጧል።

ካሜሮን ከፎቶው ሥር ስሙን በእጇ ጻፈች፤ «ደጃች አለማየሁ፣ የንጉሥ ቴዎዶር ልጅ»። የጻፈችው በላቲን ፊደል፣ ጆሮዋ እንደሰማው ነው። ባንዳንዶቹ ፊደሎች አናት ላይ እንደ ፈረንሳይኛ ጭረት ጨምራለች። ስፒዲን ደግሞ አብሮት በተነሳው ፎቶ ላይ በሐበሻ ስሙ «ባሻ ፈለቀ» ብላዋለች። ይቺ አንድ መስመር ጽሑፍ ከ150 ዓመት በኋላ እኔን ስታንከራትተኝ ከረመች። እንዴት እንደሆነ ለማየት ፎቶው እንዴት ወደ ኮምፒውተር እንደሚገባ እንይ።

ብርሃንን ወደ ቁጥር መቀየር

ይሄ ቀላሉ ግማሽ ነው። ያኔ ፎቶ የሚታተመው መስታወቱን በቀጥታ ከወረቀት ጋር አጣብቆ ለፀሐይ በማስጣት ስለነበር፣ ትልቅ ፎቶ የፈለገ ትልቅ መስታወት ያስፈልገዋል። ካሜሮን ትጠቀምባቸው ከነበሩት መስታወቶች ትልልቆቹ 12 በ15 ኢንች፣ ማለትም 30 በ38 ሴንቲሜትር አካባቢ ናቸው።

አሁን እንዲህ ያለ ፎቶ በእያንዳንዱ ኢንች 600 ነጥብ እየወሰድን ስካን እናድርግ። በአንድ በኩል 7,200፣ በሌላው በኩል 9,000 ነጥብ ይኖረናል። ሲባዛ 64.8 ሚሊዮን ነጥብ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን ይመዘገባል፤ ለእያንዳንዱ ቀለም ሁለት ባይት ብንመድብ በነጥብ ስድስት ባይት ነው። ጠቅላላው ወደ 390 ሜጋባይት ይመጣል። ለአንድ ፎቶ ብቻ!

«ጥቁርና ነጭ ለሆነ ፎቶ የምን ሦስት ቀለም?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የዚያ ዘመን ፎቶ የሚታተመው በእንቁላል ነጭ በተቀባ ወረቀት ላይ ስለሆነ መልኩ ቡናማ ነው። ሲያረጅ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ እድፍ ይይዛል። ያ ሁሉ ስለ ፎቶው ዕድሜና አያያዝ የሚናገር መረጃ ነው። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ፎቶውን ሲያነሱ የታወቁ ቀለሞች ያሉበት ካርድ አጠገቡ የሚያስቀምጡት፤ ስክሪናችሁ ላይ ያለው ቡናማ እውነተኛው ቡናማ መሆኑን በካርዱ ያመሳክራሉ። ዋናው ፋይል ሳይነካካ ይቀመጣል። እናንተ ኢንተርኔት ላይ የምታዩት ከሱ የተቀዳውን ትንሹን ነው። ጀርባውም ስካን ይደረጋል፤ ማኅተም፣ ቁጥር፣ የእርሳስ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚገኘው።

ይህን ሁሉ መሣሪያ ይሠራዋል። ገንዘብና ትዕግሥት ካለ ያልቃል።

ኮምፒውተር የሚፈልገው ቃል ነው

መፈለጊያ ላይ ስም ስትጽፉ ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን እያገላበጠ አያይም። የሚያየው ከፎቶው ጋር የተመዘገበውን ጽሑፍ ነው፤ ርዕስ፣ ያነሳው ሰው፣ ቀን፣ ቦታ፣ ማብራሪያ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፉን የምታገኙት በካርዱ አይደል? ካርዱ የተሳሳተ መደርደሪያ ከጠቆማችሁ መጽሐፉ ቢኖርም የለም። ፎቶም እንደዚያው ነው። የዛሬዎቹ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች «ልጅ፣ ወንበር፣ ጋሻ» ብለው ሊለዩ ይችላሉ፤ የልጁን ስም ግን አንድ ሰው አንድ ቦታ ካልጻፈው ከየት ያመጡታል?

አሁን የአለማየሁን ካርድ እንይ። ሙዚየሞች ፎቶ አንሺው የሰጠውን ርዕስ እንዳለ ያስቀምጣሉ። ርዕሱ ራሱ ታሪክ ስለሆነ ልክ ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ከርዕሱ ጎን ሌላ ምንም ካልተጻፈ ነው። አባትየው በአንዱ መዝገብ «ቴዎዶር»፣ በሌላው «ቴዎድሮስ» ናቸው። መቅደላ «ማግዳላ» ተብላለች። ሀገራችን «አቢሲኒያ» ናት። አለማየሁማ ስንት ዓይነት አጻጻፍ እንዳለው ቆጥሬ አልጨረስኩም።

በእንግሊዝኛ ብቻ አይምሰላችሁ። ኢትዮጵያዊው ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጥ ሥርዓት ነው። «አ» ቁጥሯ 4768፣ «ዓ» ደግሞ 4819 ነው። እኛ «አለማየሁ»ንም «ዓለማየሁ»ንም አንድ አድርገን እናነባለን። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለቱ የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው፤ የ«በ»ንና የ«ከ»ን ያህል ይራራቃሉ። «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፣ «ሰ፣ ሠ»፣ «ጸ፣ ፀ»ም እንዲሁ።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። አንደኛ፣ መፈለጊያው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች አንድ አድርጎ እንዲቆጥር ማዘዝ ይቻላል፤ ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃዋል። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቋሚ መለያ ቁጥር ይሰጥና ስሙ በየቋንቋውና በየአጻጻፉ ከቁጥሩ ሥር ይዘረዘራል። ዊኪዳታ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። «የንጉሥ ቴዎዶር ልጅ»፣ «አለማየሁ»፣ «ዓለማየሁ» ሁሉም ወደ አንድ ቁጥር ከመሩ የትኛውንም ብትጽፉ ልጁ ይገኛል። ነገር ግን ዝርዝሩን አማርኛ የሚያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ መሙላት አለበት።

ስም የተጻፈለትና ያልተጻፈለት

አለማየሁ ዕድለኛ ነው ልበል? ተበላሽቶም ቢሆን ስሙ ተጽፏል።

ከናፒየር ጦር ጋር የእንግሊዝ መሐንዲሶች ክፍል ፎቶ አንሺዎች አብረው መጥተው ነበር። አዎ፣ መሐንዲሶች። ዋና ሥራቸው ካርታና ንድፍ በካሜራ እያባዙ ለመኮንኖች ማደል ነበር፤ ዛሬ ፎቶ ኮፒ እንደምንለው። መስታወቱንና ኬሚካሉን በበቅሎ ጭነው፣ የጨለማ ድንኳን እየተከሉ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ እስከ መቅደላ ተጓዙ። በመንገዳቸው ተራራውን፣ ሰፈሩን፣ ሰዉንም አነሱ። በኢትዮጵያ ምድር ከተነሱት ቀደምት ፎቶዎች መካከል የሚቆጠሩት እነዚህ ናቸው። በየአልበሙ ተለጥፈው በተለያዩ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል፤ ብዙዎቹ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ይታያሉ።

እንዲህ ያሉ የዘመቻ አልበሞችን ስታገላብጡ የግርጌ ጽሑፉን ልብ በሉ። መኮንኑ በሙሉ ስሙና በማዕረጉ ተጽፏል። ከመቅደላ የተፈቱት አውሮፓውያን እስረኞችም በየስማቸው አሉ። ከጎን የቆመው ኢትዮጵያዊ ግን ብዙ ጊዜ «አንድ የሀገሬው ሰው» ወይም «አለቆች» ነው። ያ ሰው ስም ነበረው። ምናልባት የልጅ ልጅ ልጆቹ ዛሬ አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ተቀምጠው ይህን ጽሑፍ እያነበቡ ነው። ካርዱ ላይ ስላልተጻፈ ግን ፎቶውና ቤተሰቡ ሊገናኙ አልቻሉም።

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም፤ እንደሚቃለልም የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2008 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ወደ 3,000 የሚጠጉ የቆዩ ፎቶዎችን ፍሊከር በሚባለው የፎቶ ድረ ገጽ ላይ አወጣ። ከነሱ መካከል ቤይን የተባለ የዜና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ያነሳቸው ነበሩበት። ድርጅቱ ጋዜጣ ሊደርስበት ስለሚቸኩል መስታወቱ ላይ ጫር ጫር አድርጎ የሚጽፈው ጥቂት ቃል ብቻ ነው፤ አንዳንዴ የአባት ስም ብቻ። ቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች አስተያየት እንዲጽፉበት ፈቀደ። ሰዉ የድሮ ጋዜጣ እያገላበጠ፣ ሕንፃውን ከዛሬው ጋር እያስተያየ «ይሄ እገሌ ነው፣ ቀኑ ይሄ ነው፣ መንገዱ እዚህ ነው» ማለት ጀመረ። ሠራተኞቹ እያንዳንዱን ጥቆማ እያጣሩ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ500 በላይ መዝገቦችን አሻሻሉ።

ልብ በሉ፤ «እያጣሩ» ብያለሁ። ሰው የጻፈው ሁሉ እውነት አይደለም። ጥሩ ጥቆማ ማስረጃውን ይዞ ይመጣል። «አያቴ ናቸው» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «አያቴ ናቸው፣ በዚሁ ልብስ የተነሱበት ሌላ ፎቶ ቤታችን አለ፣ ጀርባው ላይ ስማቸው ተጽፏል» ማለት ሌላ።

1928 ማለት የቱ 1928?

እስከ አሁን ስለ ሩቅ ሙዚየም አወራን። አሁን ወደ ቤታችሁ እንግባ። ቁም ሣጥን ላይ ወይም አልጋ ሥር አንድ አልበም አይጠፋም። አንዱን ፎቶ ገልብጣችሁ ጀርባው ላይ «1928» የሚል አገኛችሁ እንበል። መቼ ነው የተነሳው?

በፈረንጆቹ ከሆነ ራስ ተፈሪ ንጉሥ ተብለው ዘውድ የጫኑበት ዓመት ነው፤ ሀገሩ ሰላም ነው። በኛ ከሆነ ጣሊያን በመስከረም ድንበር ጥሶ የገባበት፣ በመጋቢት የማይጨው ጦርነት የተደረገበት ዓመት ነው። ፎቶው ላይ ጠመንጃ የያዘ ወጣት ቢኖር፣ በአንዱ ንባብ ለበዓል የተነሳ ነው፤ በሌላው ንባብ ለዘመቻ ሊሄድ ቤተሰቡን እየተሰናበተ ሊሆን ይችላል። አራት አሃዝ፣ ሁለት የተለያዩ ታሪኮች! ስለዚህ ቀን ስትመዘግቡ የተጻፈውን እንዳለ ገልብጡና «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» መሆኑን አጠገቡ ጻፉ። ካላወቃችሁ «አልታወቀም» በሉ። ግምትን እውነት አስመስሎ መጻፍ ባዶ ከመተው ይብሳል።

ስልካችሁም የራሱን ስህተት ይጨምራል። የድሮ ፎቶ በስልክ ስታነሱ ፋይሉ ላይ የሚመዘገበው የዛሬ ቀን ነው። የአያታችሁ ሠርግ ትናንት ካፌ ከበላችሁት ኬክ ቀጥሎ ይደረደራል። ካላረማችሁት ከሃያ ዓመት በኋላ ልጆቻችሁ ግራ ይገባቸዋል።

ይህን ሥራ በሀገራችን የጀመሩ አሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ትልቅ የታሪካዊ ፎቶ ስብስብ አለው። ቪንቴጅ አዲስ አበባ በሚል ስም ወጣቶች ከየቤቱ የቤተሰብ ፎቶዎችን ከነታሪካቸው ሰብስበው ለሕዝብ አሳይተዋል። «ከነታሪካቸው» የምትለዋ ቃል ላይ ነው ቁም ነገሩ።

እናንተስ?

ውድ ስካነር አያስፈልጋችሁም። ፎቶውን መስኮት አጠገብ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማያርፍበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ፍላሹን አጥፉ። ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ፤ ጠርዙም ጀርባውም ይታይ። አልበሙ ላይ የተጣበቀውን በጉልበት አትገንጥሉ፤ ከነገጹ አንሱት። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ፊት ለፊት ሊያልፍ ይችላል። ለስለስ ያለ እርሳስ ይሻላል።

ከዚያ ዋናው ሥራ ይመጣል። ከእማማ ወይም ከአባባ ጎን ቁጭ በሉና ድምፅ እየቀዳችሁ ጠይቁ፤ «ከግራ መጀመሪያ የቆመችው ማን ናት? የማን ልጅ? ይሄ ቤት የት ነበር? ያን ቀን ምን ነበር?» ስሙን በአማርኛ፣ ቤተሰቡ በሌላ ቋንቋ የሚጠራ ከሆነም በዚያው ቋንቋ ጻፉ። ኢንተርኔት ላይ ከማውጣታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ በሕይወት ያለ ሰው ፎቶ የሱ ነው፣ የሟችም ቤተሰብ አለ። አለማየሁን ማንም «ልንሳህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው አይመስለኝም። እኛ ግን መጠየቅ እንችላለን።

ስለ ሩቁ ስብስብም የምትችሉት ነገር አለ። አንዳንድ ተቋማት በሩን ከፍተውታል፤ ጌቲ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ 4,600 ምስሎችን፣ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ደግሞ በ2017 ወደ 375,000 ምስሎችን ማንም በነፃ እንዲጠቀምባቸው ለቀዋል። ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ ለተጫነ ፎቶ የአማርኛ መግለጫ፣ ዊኪዳታ ላይ ለተመዘገበ ሰው የአማርኛ ስም ማንም መጨመር ይችላል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

በዚህ ሁሉ ነገሩ ተፈታ ማለቴ አይደለም። አለማየሁ በ18 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1879 ሊድስ ከተማ ውስጥ ሞተ፤ አጽሙ ዊንድዘር ነው። ወደ ሀገሩ ይመለስ የሚለው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2023 ከቤተ መንግሥቱ እምቢታ ገጥሞታል። ፎቶውን ስልክ ላይ ማየት መቻላችን የሱን መመለስ አይተካም፤ እንዲተካም መፍቀድ የለብንም። ስሙን በፊደላችን፣ እናቱ በጠራችው ድምፅ ከፎቶው ሥር ለመጻፍ ግን የማንንም ደብዳቤ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሙዚየሞቹ ያሉ ፎቶዎች ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ መቶ ዓመትም ይቆያሉ። የናንተ አያት ማስታወስ ግን ቀዝቃዛ ክፍል የለውም። ስለዚህ የዚህ ቅዳሜ የቤት ሥራ ይኸው፤ አልበሙን አውጡ፣ ቡና ይፈላ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ግለጡና «ይቺ ማን ናት?» በሉ።